ሽቅብ የሚሠራ መካነ አራዊት፤ ሰውና አውሬ ቦታን ስለሚካፈሉበት መንገድ

(በመምህራን ማኅበር የመታሰቢያ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

በዚህ የመታሰቢያ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ስለ ማስተማሪያ ዘዴ ወይም ስለ ፈተና የምናገር መስሏችሁ ይሆናል። የማቀርብላችሁ ጉዳይ ግን ስለ አራዊት ማኖሪያ አሠራር ነው። ነገሩ ከትምህርት ቤት የራቀ ቢመስልም የተነሣው ከአንዲት ተማሪ ጥያቄ ስለ ሆነ በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ይዤ አራዊት ወደሚታዩበት አንድ ግቢ ሄጄ ነበር። የግቢውን ስም መጥራት ለነገሬ አያስፈልግም። ልጆቹ ስንቃቸውን ይዘው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ተሰልፈው ከአንበሳው ፊት ቆሙ። አንበሳው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ከአንዱ ማእዘን ወደ ሌላው ይመላለሳል፤ ስድስት እርምጃ ይሄድና ይዞራል፤ እንደ ገና ስድስት እርምጃ ይሄድና ይዞራል። እኔም በማስታወሻዬ ያዘጋጀሁትን፣ አንበሳ ከድመት ወገን መሆኑን፣ ሥጋ በል መሆኑን፣ በመንጋ የሚኖር መሆኑን ማስረዳት ጀመርሁ። በዚህ ጊዜ ከኋላ የቆመች አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና፣ «ጋሼ፣ ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጓደኞቿ ሳቁ። እኔ ግን መልስ አላገኘሁም። በማግሥቱ በሥዕል ክፍለ ጊዜ ያዩትን አንበሳ እንዲሥሉ ባዘዝኋቸው ጊዜ፣ አብዛኞቹ አስቀድመው የሣሉት ፍርግርጉን ነበር፤ አንበሳውን ያስገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አንድ ነገር ተረዳሁ። እኛ ስለ አንበሳ በቃል ስናስተምር፣ አንበሳው የቆመበት ቦታ በዝምታ ሌላ ትምህርት ያስተምራል። ሁለቱ ትምህርቶች በተጋጩ ጊዜ ልጅ የሚያምነው በዓይኑ ያየውን ነው።

በዘመናችን በሕንፃ ንድፍ ባለሙያዎች ዘንድ ሽቅብ የሚሠራ መካነ አራዊት የሚል አሳብ ይነገራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብዙዎቹ የቆዩ የአራዊት ግቢዎች በከተማ መካከል ናቸው፤ ከተማው አድጎ ዙሪያቸውን ከቧቸዋል፤ መሬቱም ውድ ሆኗል። ወደ ጎን መስፋት ካልተቻለ ወደ ላይ እንሥራ፤ ሰው ፎቅ በፎቅ ላይ እየሠራ ሲኖር አውሬስ ለምን አይኖርም? የሚል አሳብ ቀረበ። እኔ ይህን አሳብ ሳልመረምር አልደግፈውም፤ ሳልመረምርም አልነቅፈውም። ነገሩ ፍርግርግን በፍርግርግ ላይ መደርደር ከሆነ፣ ያው እስር ቤት ፎቅ ተጨመረለት ማለት ነው። ከፍታውን ለማን እንደምንሰጥ በሚገባ ብናስብበት ግን ለዚያች ልጅ ጥያቄ የሚሆን መልስ ሊገኝበት ይችላል።

አስቀድመን ጥቂት ታሪክ እንመልከት። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በቪየና የሚገኘው የሾንብሩን መካነ አራዊት በ1752 የተመሠረተው ለንጉሠ ነገሥቱ ቤተ ሰብ ነበር። የአራዊቱ ክፍሎች ዙሪያውን በክብ ተደርድረው፣ በመካከላቸው ንጉሣውያኑ ተቀምጠው ሁሉን የሚያዩበት እልፍኝ ተሠራ። የሎንዶኑ በ1828 ለምሁራን፣ በ1847 ለሕዝብ ተከፈተ። በ1907 ደግሞ ጀርመናዊው ካርል ሃገንቤክ በሃምቡርግ አጠገብ ስቴሊንገን በተባለው ቦታ ፍርግርጉን አንሥቶ በምትኩ ጥልቅ ቦይ አስቆፈረ። ተመልካቹ ቦዩን ስለማያየው በእርሱና በአንበሳው መካከል አንዳች አጥር የሌለ ይመስለው ነበር። ይህ አሠራር በዓለም ሁሉ ተመስግኖ ብዙዎች ተከተሉት።

ስለ ሃገንቤክ ስንናገር ግን እኛ በአፍሪካ ቀንድ የምንኖር ሰዎች ልንዘነጋው የማይገባን ነገር አለ። ይኸው ሰው ከ1870ዎቹ ጀምሮ ከሱዳን የመጡ ኑብያውያንንና የሌላም አገር ሰዎችን ከእንስሳትና ከቤት ዕቃ ጋር እያቆመ ለአውሮፓ ሕዝብ በገንዘብ ያሳይ ነበር። በ1906ም ኦታ ቤንጋ የተባለ የኮንጎ ተወላጅ በኒው ዮርክ በብሮንክስ መካነ አራዊት፣ በዝንጀሮዎች ቤት ውስጥ ለሕዝብ ታይቷል። ይህን የማነሣው የቆየ ቁስል ለመቀስቀስ ብዬ አይደለም። አንዱን ፍጡር በአጥር ውስጥ አቁሞ፣ መሸሸጊያ ከልክሎ፣ ሌላውን ከፊቱ ለመመልከት የሚያቆም ቦታ በተመልካቹ ልብ ውስጥ ምን እንደሚያሳድር ስለሚያስረዳ ነው። በዚያ ቦታ የቆመ ሰው እንኳ ሰው መሆኑ ተረስቶበታል። እንግዲህ አንበሳውማ አንበሳነቱ ቢረሳበት ምን ይደንቃል?

ሁለተኛው ምሳሌ በውበት የሚመጣውን ስሕተት ያሳየናል። በ1934 ቤርቶልድ ሉቤትኪንና የሥራ ባልደረቦቹ ለሎንዶን መካነ አራዊት የፔንግዊን ኩሬ ሠሩ። ሁለት ቀጫጭን የኮንክሪት መንገዶች ያለ ምሰሶ እየተጠማዘዙ በኩሬው ላይ ይሻገራሉ። ሥራው በሕንፃ ታሪክ ውስጥ ታላቅ ስም አግኝቷል፤ በቅርስነትም ተመዝግቧል። ፔንግዊኖቹ ግን ኮንክሪቱ መዳፋቸውን እየፋቀ ስለ ጎዳቸው በ2004 ከዚያ ወጡ። ሕንፃው እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ኗሪ ግን የለውም። ንድፉን የሚያደንቁ ዓይኖች ብዙ ነበሩ፤ ለኗሪው እግር ግን አልተስማማም።

የኗሪውን ነገር አጥብቆ ከጠየቁት ሊቃውንት አንዱ የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሃይኒ ሄዲገር ነው። ሄዲገር የበርንን፣ የባዝልንና የዙሪክን መካነ አራዊት በየተራ የመራ ሰው ሲሆን፣ በ1942 በምርኮ ስላሉ የዱር አራዊት መጽሐፍ አሳትሟል። ከትምህርቱ ሁለት ነገሮችን ብቻ ልጥቀስ። አንደኛው የሽሽት ርቀት የሚለው ነው። እያንዳንዱ የዱር አውሬ ሰው ሲቀርበው እስከ አንድ ልክ ድረስ ይታገሣል፤ ልኩ ሲታለፍ ይሸሻል፤ መሸሻ ካጣ ደግሞ ይጋጠማል፣ አለዚያም በጭንቀት ይኖራል። ሁለተኛው፣ የማኖሪያው ስፋት ብቻውን ለአውሬው የማይበቃው መሆኑ ነው። በዱር ያለ አውሬ የሚተኛበት፣ የሚበላበት፣ የሚታጠብበት፣ የሚሸሸግበትና ምልክቱን የሚያኖርበት ቦታ ለየብቻ አለው፤ እነዚህን ሁሉ ያላገኘ አውሬ ሰፊ ሜዳ ቢሰጠውም ባዶ ሜዳ ተሰጠው ማለት ነው።

ከፍታ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። በዛፍና በገደል ለሚኖር እንስሳ የሽሽት መንገዱ ወደ ላይ ነው። አንድ ጉሬዛ በወለል ላይ አሥር ሜትር ከሚሸሽ በዛፍ ላይ አሥር ሜትር ቢወጣ ይበልጥ ይረጋጋል። ይህንም የሚያስረዱ ሥራዎች አሉ። በሎንዶን መካነ አራዊት በ1960ዎቹ ለወፎች የተሠራው ከፍ ያለ የመረብ ቤት በ2022 ታድሶ ለጉሬዛዎች ተሰጥቷል። ጉሬዛ የሚለው ቃል የኛው ነው፤ ጀርመናዊው ተመራማሪ ሩፔል ከኢትዮጵያ ጉዞው በኋላ በ1835 እንስሳውን ለሳይንስ ባስታወቀ ጊዜ ይህን ስም ስለ ሰጠው፣ እስከ ዛሬ የዓለም ሊቃውንት ሁሉ በዚሁ ይጠሩታል። በዋሺንግተን ደግሞ ከ1995 ጀምሮ 15 ሜትር ያህል ከፍታ ያላቸው ምሰሶዎች ቆመው በገመድ ስለ ተያያዙ፣ ኦራንጉታኖች በወደዱ ጊዜ በተመልካቾች ራስ ላይ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይሻገራሉ። በፊላዴልፊያም ከ2011 ወዲህ በመረብ የተሸፈኑ መተላለፊያዎች በመሠራታቸው አራዊቱ ከክፍላቸው ወጥተው ይዘዋወራሉ፤ በ2014ም ለታላላቆቹ የድመት ወገኖች ከሰው መንገድ በላይ የሚያልፍ ድልድይ ተጨመረ። አንዱ መንገድ ለብዙዎች በተራ ስለሚያገለግል፣ ትንሽ መሬት ያለው ግቢ ለእያንዳንዱ ሰፊ ዓለም ሊሰጥ ቻለ።

ይሁን እንጂ ለትምህርቱ ሩቅ አገር ብቻ መሄድ አያስፈልገንም። በሰሜን ተራሮች የሚኖረው ጭላዳ ቀኑን በደጋው ሜዳ ሣር ሲግጥ ውሎ፣ ሲመሽ ነብርና ጅብ ወደማይደርሱበት ገደል ወርዶ በድንጋይ እርከን ላይ ያድራል። ዋልያም በዚያው ገደል ይኖራል። አንዱ ቀጥ ያለ ገደል በላዩም በመካከሉም የየራሱ ኗሪ አለው ማለት ነው። በላስታ የቆዩትን ክብ የድንጋይ ፎቅ ቤቶች ያየ ሰው ደግሞ ገበሬው ከላይ፣ ከብቱ ከታች ሆነው በአንድ ጣራ ሥር እንደሚያድሩ ያውቃል። በሐረርም በ16ኛው መቶ ዓመት ኤሚር ኑር ያሠሩት ግንብ ለሰው ከተከፈቱት በሮች ሌላ ጅብ የሚያልፍባቸው ዝቅተኛ ቀዳዳዎች አሉት። ከተማው ሌሊት ለጅብ መንገዱን ይለቅለታል፤ ጅቡም ጥራጊውን ያነሣለታል። አንዱን ቦታ በከፍታ ከፍሎ፣ በሰዓትም ከፍሎ መኖር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ዋርካን አስቡ። ሽማግሌዎች ከጥላው ሥር ተቀምጠው ነገር ይሸመግላሉ፤ ልጆች ፊደል ይቆጥራሉ። በግንዱ እንሽላሊትና ጉንዳን ይመላለሳሉ፤ በቅርንጫፉ ጦጣ ይወጣል፤ ከጫፉ ወፎች ጎጆ ይሠራሉ፤ ፍሬው በበሰለ ጊዜም ሌሊት ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ይመጣል። ከሥር ያለው ሰው ቀና ብሎ ካላየ ከላይ ያለውን አያይም፤ ከላይ ያለውም መታየት ካልፈለገ በቅጠሉ መካከል ይሠወራል። ማንም ማንን አላሰረም። ሽቅብ የሚሠራ መካነ አራዊት የሚባል ነገር ካስፈለገ፣ ምሳሌው ይህ ዛፍ ሊሆን ይገባዋል እላለሁ።

እንግዲህ አንድ ከተማ እንዲህ ያለውን ቤት ልሥራ ቢል እንዴት ቢያደርገው ይበጃል? እኔ ንድፍ ሠሪ አይደለሁም፤ ነገር ግን ንድፍ ሠሪውን ልንጠይቀው የሚገባንን ማወቅ የመምህር ሥራ ነው።

በመጀመሪያ፣ ሰው ከታች፣ አውሬ ከላይ ይሁን። በብዙ ግቢ ተመልካች ከአጥር ላይ ቆሞ ወደ ጉድጓድ ቁልቁል ያያል፤ ቁልቁል የሚያይ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ይንቃል። ቤቱ በተዳፋት ላይ ቢሠራና የመማሪያ አዳራሹ ከሥር ቢሆን፣ ከዚያ በላይ ለሽኮኮና ለሰስ የሚሆን የድንጋይ ገደል፣ ከገደሉ በላይ ለጉሬዛ የሚሆን ዛፍና ገመድ፣ ከጣራው ላይ ደግሞ ክንፋቸው ተሰብሮ መብረር ለማይችሉ አሞሮች ጸጥ ያለ እርከን ይኖረዋል። ጉሬዛ ቅጠል በል ስለ ሆነ የጣራው አትክልት ከፊል ምግቡን ሊሰጠው ይችላል።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ አውሬ ከማንም ዓይን የሚሠወርበት ቦታ ይኑረው፤ የሚወጣበትንም የሚገባበትንም ሰዓት ራሱ ይምረጥ። ልጆች ሄደው ጉሬዛ ሳያዩ የሚመለሱበት ቀን ይኖራል። ያን ቀን እንደ ጉድለት ልንቈጥረው አይገባም፤ የዱር ፍጡር ለሰው ዓይን ዕዳ የሌለበት መሆኑን የሚማሩት ያን ቀን ነውና።

ሦስተኛ፣ በሒሳብ ልንታለል አይገባም። አየር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። አንድ ሕንፃ 30 ሜትር ቢቆም ከሥሩና ከጫፉ መካከል የሚገኘው ልዩነት 0.2 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቆላን ከሥር፣ ወይና ደጋን ከመካከል፣ ደጋን ከላይ አደርጋለሁ የሚል ንድፍ ብታዩ፣ ልዩነቱን የሚያመጣው ማሽን እንጂ ከፍታው አይደለም ማለት ነው። መብራት የጠፋ ቀን ደጋው ቆላ ይሆናል። የከተማው አየር የሚስማማውን እንስሳ መምረጥ ከዚህ ሁሉ ይሻላል።

አራተኛ፣ ውሃና ቈሻሻ ቁልቁል ይወርዳሉ፤ በሽታም አብሯቸው ይወርዳል። የላይኛው ፍሳሽ በታችኛው ኗሪ ላይ እንዳይወርድ እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ መውረጃ ሊኖረው ያስፈልጋል። ጠባቂው ከአውሬው ጋር ሳይገናኝ የሚያጸዳበት ድርብ በር፣ እሳት ቢነሣም እንስሳውን ማውጫ መንገድ መኖር አለበት። እነዚህ በሥዕል ላይ የማያምሩ ነገሮች ናቸው፤ ቤቱ እንዲኖር የሚያደርጉት ግን እነርሱ ናቸው።

አምስተኛ፣ የምድሩ አውሬ በምድር ይቅር። እስከ 6 ቶን የሚመዝነውንና ረጅም መንገድ መሄድ ልማዱ የሆነውን ዝሆን በፎቅ ላይ ማኖር የማይታሰብ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ይገባኛል። ያ ስድስት እርምጃ እየሄደ የሚዞረው አንበሳ ከዚህ ንድፍ ውስጥ ቦታ የለውም። አንበሳ የሚያስፈልገው ከከተማ ውጭ ሰፊ ምድር፣ ቢቻል ወጥቶ አካባቢውን የሚቃኝበት ጉብታ ያለው ምድር ነው። ይህን መስጠት ያልቻለ ከተማ አንበሳ ባያኖር ይሻለዋል።

አንዳንዶቻችሁ፣ እንግዲያውስ መካነ አራዊት የሚባለው ሁሉ ለምን አይዘጋም? እንደምትሉ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የመለሰውም ከተማ አለ። በ1888 የተከፈተው የቦነስ አይረስ መካነ አራዊት በ2016 ተዘግቶ ወደ ሥነ ምኅዳር መናፈሻ እንዲለወጥ ተወሰነ። ቀደም ሲል በ2014 የአገሪቱ ፍርድ ቤት በዚያ ለነበረችው ሳንድራ ለተባለች ኦራንጉታን የመብት ባለቤት ናት የሚል ውሳኔ ሰጥቶ ነበር፤ በ2019ም በአሜሪካ በፍሎሪዳ ወዳለ መጠለያ ተወሰደች። በ2020 ማራ የተባለችው ዝሆን ወደ ብራዚል ሄደች። ሆኖም ብዙዎቹ አራዊት የሚቀበላቸው ቦታ እስኪገኝ ድረስ በተዘጋው ግቢ ለዓመታት ቆይተዋል። በምርኮ የተወለደ አውሬ በሩ ስለ ተከፈተለት ብቻ ወደ ዱር አይመለስም።

በአገራችንም የሚታሰብ ነገር አለ። በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ በ1948 የተመሠረተው የአንበሳ ግቢ አንበሶች በ2012 በታተመ ጥናት የዘር ምርመራ ተደርጎላቸው ነበር። 15 አንበሶች ተመርምረው ከሌሎቹ የአፍሪካ አንበሶች የተለየ ዘር ያላቸው መሆናቸው ታወቀ። ለብዙ ዘመን በሰው እጅ የኖሩት የዚያ ዘር ጠባቂዎች ሆነው ተገኙ ማለት ነው። ስለዚህ ማኖር ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግድ በሆነ ጊዜ ግን የምንጠይቀው ጥያቄ «ለተመልካች እንዴት ይታያል?» ከማለት ወደ «ለኗሪው እንዴት ይመቻል?» መዞር አለበት።

ወደ ሥራችን ልመለስ። ከእናንተ ውስጥ መካነ አራዊት የሚሠራ አይኖርም ይሆናል። ነገር ግን ነገ የከተማ ምክር ቤት አባል፣ ንድፍ ሠሪ፣ መሐንዲስ የሚሆነው ልጅ ዛሬ በእጃችሁ ነው። ገንዘብ የማያስፈልጋቸው ሁለት ሥራዎችን ላቅርብላችሁ። አንደኛው፣ ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ ሜዳ ወደ ቆመች ርግብ ቀስ ብለው እየተጠጉ፣ በምን ያህል እርምጃ ስትቀርብ እንደምትበር ይለኩ፤ ከዚያም በሌላ ወፍ ይሞክሩት፤ ርቀቱንም በሠንጠረዥ ጽፈው ያነጻጽሩ። ሄዲገር ያስተማረውን የሽሽት ርቀት በገዛ እግራቸው ይማሩታል። ሁለተኛው፣ በግቢያችሁ ያለውን ትልቁን ዛፍ ከሥሩ እስከ ጫፉ በአራት ደረጃ ከፍለው፣ በየደረጃው ማን እንደሚኖር ለአንድ ወር በጠዋትና በማታ ይመዝግቡ። ከወሩ በኋላ «ለእነዚህ ሁሉ ቤት ሥሩላቸው ብትባሉ እንዴት ትሠራላችሁ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ፍርግርግ አስቀድሞ የሚሥል ልጅ የሚያንስ ይመስለኛል።

ያች ጥያቄ የጠየቀችኝ ልጅ ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብታለች። ባለፈው ዓመት በመንገድ አግኝታኝ ሰላምታ ስትሰጠኝ፣ ጥያቄዋን ታስታውሰው እንደ ሆነ ጠየቅኋት። አታስታውሰውም። እኔ ግን ዕዳዬ ስለ ሆነ መልሱን ነገርኋት፤ «ልጄ፣ አንበሳው ምንም አላጠፋም። ቤቱን ስንሠራለት ስለ እርሱ ያልጠየቅን እኛ ነን ያጠፋነው» አልኋት። እርሷም ጥቂት አሰበችና፣ «ታዲያ አሁንስ ጠየቃችሁ?» አለችኝ።

ክቡራትና ክቡራን፤ ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ለእናንተ ትቼ ንግግሬን እፈጽማለሁ።